የአሸዋው ሰደርያ

ዘመነ ቢቸና ላይ ሞቶ የተገኘው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአሮጌው የእህል መጋዘን ጀርባ ወደ ወንዝ በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ ተጋድሞ ነበር፤ ማጅራቱ ተፈንክቷል፣ ደረትና ጀርባውን አሸዋ የተሞላ የሸራ ሰደርያ ጠፍንጎታል። ፖሊሶች መጥተው ደረጃውን ወደ ላይ አዩ፣ ሬሳውን ወደ ታች አዩ፣ ሁለቱን ደምረው «አደጋ» አሉ። ልጁ የፌንሲንግ ስፖርተኛ ነው። እሁድ እሁድ ያንን ሰደርያ ለብሶ ደረጃውን መውጣትና መውረድ የቡድኑ ልምምድ ነው። አዳለጠው፣ ወደቀ፣ አለቀ። ማሰብ የሚከብደው ሰው እንዲህ ያለ ሞት ሲያገኝ እፎይ ይላል።

እናቱ ወይዘሮ አየሁሽ ግን እፎይ አላሉም። ሠልስቱ እንዳለፈ ሚኒባስ ተሳፍረው ሞጣ ገቡና ኢንስፔክተር ማርያማዊትን አገናኙኝ አሉ። ማርያማዊት የዞኑ መርማሪ ስትሆን የቅኔ መምህር ልጅ ናት። ከአባቷ የወረሰችው አንድ ነገር ቢኖር፣ የማያውቁትን እንደሚያውቁ ሆነው የሚያወሩ ሰዎችን መናቅ ነው፤ በፖሊስነት ዘመኗ ንቀቷ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

«ስምሽን ሰምቼ ነው የመጣሁ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ አየሁሽ። «በሩን ዝጊልኝ።»

ማርያማዊት በሩን ዘጋች።

«ዘመነ የዚያን ዕለት ቆርቧል።»

«እሁድ ጠዋት?»

«እሁድ ጠዋት፣ ጊዮርጊስ። የሚያውቅ የንስሐ አባቱ መምሬ ሣህለ ማርያምና እኔ ነን። ወጣት ሲቆርብ ሰው ዓይን ይገባል፣ ያፍር ነበር፤ ለማንም አላወራሁም። አሁን ደግሞ ላውራ ብል እንዴት ብዬ? የቆረበ ሰው ያን ዕለት አይሮጥ፣ አይሰግድ፣ ምራቁን አይተፋ። የኔ ልጅ ግን ላብ ሊያንቆረቁር ሰደርያ ለብሶ ሞተ ይሉኛል። ይህን አገሩ ቢሰማ ‹ሥጋ ወደሙ ተቀብሎ ሲዘል ቀሰፈው› ነው የሚለው። ሞቱን ቻልሁት። ይህን አልችለውም፤ ተዝካሩንም አንገቴን ደፍቼ አላወጣም።»

«አድርጎት ቢሆንስ?»

«አድርጎት ከሆነም ንገሪኝ፤ ለእሱ የማለቅስበትን ልወቅ።» ወይዘሮዋ ተነሡ። «ነጠላውን ለብሶ ነው የሄደ። ነጠላው የት ገባ ብዬ ብጠይቅ ፖሊሶቹ ሳቁብኝ።»

ማርያማዊት በዚያው ቀን ቢቸና ገባች።

መጀመሪያ የሄደችው ልብሱን ለማየት ነበር። ጣቢያው ውስጥ ሁሉም እንዳለ በጆንያ ተቀምጧል፤ የከፈተው አልነበረም። የቱታ ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ሰደርያው። ሸሚዙ ከኮሌታው እስከ ወገቡ ድረስ በጀርባ በኩል ደም ወርዶበታል። ሰደርያው ከውስጥ በኩል ደም ነክቷል፤ ከውጭ ግን ትከሻው ላይ አንዲት ነጠብጣብ የለችም። የሸሚዙን ብብት አገላብጣ አየችው፤ እንደታጠበና እንደተተኮሰ ነው።

«ይህን አይታችሁታል?» አለች ተረኛውን ፖሊስ።

«ደም ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«በርታ» አለችው፤ ጆንያውን ራሷ ይዛ ወጣች።

ፌንሲንግ ሁለት ሰዎች ፊታቸውን በሽቦ ጭንብል ሸፍነው በቀጭን ሰይፍ የሚፋለሙበት ስፖርት ነው፤ ቀድሞ የነካ ነጥብ ያገኛል። የቢቸና ሰው «የሽቦ መወጋጋት» እያለ ሲስቅበት ኖሮ፣ ዘመነ ሜዳሊያ ይዞ መምጣት ሲጀምር ሳቁን አቁሞ በአንድ ክረምት አዋቂ ሆነ። ቡድኑ የሚለማመደው በአሮጌው የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ሰደርያዎች ተሰቅለዋል። ጥግ ላይ ሰደርያ የሚሞላበት የአሸዋ ሳጥን አለ። ከሳጥኑ አጠገብ ሲሚንቶ በወተት ጣሳ ሞልተው በብረት ቱቦ ጫፍና ጫፍ የሠሯቸው ክብደቶች ተደርድረዋል፤ ሁሉም አቧራ ለብሰዋል፣ ከአንዱ በቀር። እሱ ታጥቧል። በዚያ መጋዘን ውስጥ ውሃ የነካው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

አሰልጣኝ ከፋለ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ተቀበላት።

«ፌንሲንግ እግር ነው፣ ኢንስፔክተር። እግር ደግሞ ላብ ነው። ልጆቹ ሰደርያውን ለብሰው ወደ ፊት ይወነጨፋሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይወነጨፋሉ፤ እስኪያስመልሳቸው። እሁድ ደግሞ ደረጃ፤ እሱን እያንዳንዱ በየራሱ ሰዓት ይሠራዋል።»

«ውሃስ?»

«መዋጥ ክልክል ነው፤ ሆድ ያከብዳል። ተጉመጥምጦ መትፋት ብቻ።»

«ይህን ማን አስተማረዎት?»

«የአምላኩ ሞዴል ይባላል። አቶ አምላኩ፣ የስፖርት ባለሙያው።»

«አቶ አምላኩ ሰይፍ ይዘው ያውቃሉ?»

«ኧረ እሳቸው ባለሙያ ናቸው!» አለ ከፋለ፣ በጥያቄው ተገርሞ።

ማርያማዊት ዓይኖቿን ጨፈነች። ጉረኛና ጅል በአንድ አፍ ሲናገሩባት የምታደርገው ይህንኑ ነው። «እሁድ የት ነበሩ?»

«ሞጣ። ሰኞ ከባሕር ዳር እንግዶች ሞዴሉን ሊያዩ ይመጡ ነበር፤ የሚገጥመንን ቡድን ላመጣ ቅዳሜ ሄጄ አድሬያለሁ። እሁድ ማታ ስንገባ ነው መርዶውን የሰማነው።»

ይህን ኋላ ወደ ሞጣ ደውላ አጣራች፤ አብሮት ያደረው ቡድን በሙሉ መሰከረ፤ ስለ ማንኮራፋቱ ጭምር። «ዘመነስ? እሁድ ልምምድ ነበረበት?»

ከፋለ ሆዱን መሳብ ተወ። «አስፈቅዶኝ ነበር። ሊቆርብ።»

«ፈቀዱለት?»

«ፈቀድሁ።»

«ሰደርያ ለብሶ ወደቀ ሲባል ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ሐሳቡን ለውጦ ይሆናል ብዬ... ደግሞ አሰልጣኙ አስገድዶት ነው ቢሉኝስ?»

ልጁ ከሞተ በኋላ እንኳ ይህ ሰው የሚያሰላው የራሱን ስም ነው። ማርያማዊት ስለ ቁርባኑ ለማንም እንዳይተነፍስ አስጠንቅቃው ሄደች፤ ማስጠንቀቅም አያስፈልገውም ነበር፣ ዝም ማለት የተካነበት ሙያ ነው።

የኔሰው የቡድኑ ሁለተኛ ነው። ዘመነ ከሌለ ለብሔራዊ ምርጫ የሚላከው እሱ ነው፤ ስለዚህ ዘመነን የሚጠላበት ምክንያት ፍለጋ አያሻውም። ቤቱ ደጃፍ ላይ ቀኝ ጉልበቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ተቀምጦ አገኘችው።

«ቁጢጥ በል እስቲ» አለችው።

ሞከረ፤ ግማሽ መንገድ ሲደርስ ፊቱ ተጨማደደና ግድግዳውን ያዘ።

«ሰደርያው ነው?»

«ሰደርያው ነው። እኛ አሸዋ ተሸክመን ስንሰበር ዘመነ ጓሮ ውስጥ ኳስ በክር አንጠልጥሎ ይወጋ ነበር። ትንሽ ይሠራል፣ በደንብ ያርፋል፣ ደግሞ ትንሽ፤ ግን ያቺን ትንሽ እንደ እብድ ነው የሚሠራት። የመጀመሪያዋን እርምጃ ብቻ ሳምንት ሙሉ ይደጋግማታል። ፌንሲንግ እሷ ናት አለኝ አንድ ቀን፤ ከባድ እግር አሸዋ ይሸከማል እንጂ ቀድሞ አይነካም አለኝ። ሰደርያውን ሰው ሲያየው ብቻ ነው የሚለብሰው።»

«ሬዲዮ ላይ ግን ሞዴሉን ሲያመሰግን ሰምቻለሁ።»

«ካላመሰገነ ማን ለውድድር ይልከዋል? ሁላችንም እናመሰግናለን።»

«እሁድ አይተኸዋል?»

የኔሰው መሬት መሬት አየ። «ቤተ ክርስቲያን። ከሕፃናትና ከአሮጊቶች ጋር ተሰልፎ ቆረበ። አፉን በነጠላው ሸፍኖ በአጠገቤ አለፈ፤ ሰላም አላልሁትም።»

«ለማን ተናገርህ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እውነቱን ነው፤ ማንም አልጠየቀውም። ግን አንድ ሰው ባልንጀራው በሐሰት ሲታማ እስኪጠየቅ ከጠበቀ፣ ማርያማዊት ዘንድ ዋጋው ከተሰበረው ጉልበቱ አይበልጥም።

አቶ አምላኩ ቢሮው ውስጥ በሙሉ ልብስ ተቀበላት። «ፐርፎርማንስ»፣ «ኢንዱራንስ»፣ «ሞዳሊቲ» እያለ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ ይህ ግን ራሱ ቆሞ ሌሎቹን ያሳንቃል። እንግዶቹ ሞዴሉን ቢወዱት በክልሉ ሁሉ ሊሰፋ፣ እሱም አስተባባሪ ሆኖ ባሕር ዳር ሊዛወር ነበር።

«አሁንስ?» አለች።

«ፕሮግራሙ ለሚቀጥለው ሰኞ ተራዘመ እንጂ አልቀረም። ዘመነ ለሞዴሉ የተከፈለ መሥዋዕት ነው። ቅዳሜ በመጋዘኑ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት አዘጋጅቻለሁ፤ እናቱንም ጋብዣለሁ።»

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«እሁድ እኩለ ቀን ላይ፣ ደረጃው አናት ላይ። ሰደርያውን ለብሶ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ። የታሸገ ውሃ ይዤ ነበር፣ ሰጠሁት። ተጉመጥምጦ ተፋና መለሰልኝ፤ አንዲት ጠብታ አልዋጠም። ዲሲፕሊን ማለት ይሄ ነው! ከዚያ ወረደ፤ እኔም ወደ ቤቴ።»

ማርያማዊት ዓይኗን አልጨፈነችም። ይልቁንም በጥሞና አየችው። «የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔና ከፋለ ጋ ብቻ።»

«አመሰግናለሁ» አለች፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ።

ከዚያ የከፋለን ቁልፍ ተቀብላ ወደ መጋዘኑ ተመለሰች፣ እጅጌዋን ሰበሰበችና የአሸዋውን ሳጥን እስከ ታች በእጇ ማሰች። ከሥር የደረቀ ደም ያጠነከረው ነጠላ ወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ተጠርጓል። አምላኩ ዘመነ ሰደርያ ለብሶ የተነሣውን ትልቅ ፎቶ ግድግዳው ላይ አስለጥፏል፤ ከፎቶው በላይ የሞዴሉ ስም ከሟቹ ስም ገዝፎ ተጽፏል። ወይዘሮ አየሁሽ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ከጎናቸው መምሬ ሣህለ ማርያም። ከፋለና የኔሰው በተለያየ አግዳሚ ላይ ናቸው። ማርያማዊት ከሁለት ፖሊሶች ጋር በሩ አጠገብ ቆማ፣ «እርስዎ ይጀምሩ» አለችው አምላኩን። «ለእናቱ የመጨረሻዋን ሰዓት ይንገሯቸው። እንደነገሩኝ አድርገው።»

ሰው ፊት መናገር የሚወድ ሰው ሁለት ጊዜ አይለመንም። አምላኩ ክራቫቱን አስተካከለ።

«እሜቴ፣ ልጅዎ ጀግና ነበር። ደረጃው አናት ላይ በላብ ተጠምቆ አገኘሁት። ውሃ ሰጠሁት። ጠማኝ ብሎ አልዋጠም! ተጉመጠመጠ፣ ተፋው፣ ‹ጋሼ፣ ሞዴላችን ያሸንፋል› ብሎኝ ወረደ።»

መምሬ ሣህለ ማርያም የያዙትን መስቀል አጥብቀው ቀና አሉ። የኔሰው አፉን ከፍቶ ቀረ። ከፋለ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ወይዘሮ አየሁሽ ብቻ አልተነቃነቁም፤ አምላኩን ትኩር ብለው ያዩታል።

«ምን ሆናችሁ?» አለ አምላኩ። ከተሰበሰበው ሰው መካከል ምን እንደተናገረ የማያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

«መምሬ» አለች ማርያማዊት፣ «የንስሐውን ነገር አልጠይቅዎትም። እሁድ ጠዋት ዘመነ ምን አደረገ?»

«ቆረበ» አሉ መምሬ። «በእኔ እጅ።»

የአምላኩ እጅ ክራቫቱ ላይ ቀረ።

«አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» አለች ማርያማዊት ወደ መሃል እየገባች። «አቶ አምላኩ የዚህ አገር ሰው ነዎት። የቆረበ ሰው ውሃ ተጉመጥምጦ እንደማይተፋ ያውቃሉ። የማያውቁት ዘመነ መቁረቡን ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ሽቦ የሚወጋጋ ልጅ ይቆርባል ብሎ ማን ያስባል? ውሸትዎን እውነት ለማስመሰል የአሰልጣኙን ደንብ ጨመሩበት። ሳይጨምሩበት ቢቀሩ እኔም እቸገር ነበር።»

«ሰው ሐሳቡን ይለውጣል! ቆርቦም ሊለማመድ ይችላል፣ እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ይህን ሸሚዙን እንጠይቀው።» ጆንያውን ፈታችና ሸሚዙንና ሰደርያውን አግዳሚው ላይ ዘረጋች። «በላብ ተጠምቆ አሉ። ብብቱን እዩት፤ እንደ ተተኮሰ ነው። አሁን ደሙን እዩ። ከኮሌታው በሸሚዙ ጀርባ እስከ ወገብ ወርዷል። ሰደርያውን ለብሶት ሳለ ቢፈነከት ደሙ የሚወርደው ከሰደርያው በላይ ነበር። በላዩ ምንም የለም፤ ውስጡ ግን ደም ነክቷል። ልጁ መጀመሪያ ተመታ፣ ደሙ ወረደ፣ ሰደርያው ከዚያ በኋላ ተደረበለት። ሬሳ ራሱን አያለብስም።»

«ይህ እኔን...»

«ይቆዩ። ማን አለበሰው? አሰልጣኝ ከፋለ መቁረቡን ያውቃል፤ ራሱ ፈቅዶለታል። የኔሰው በዓይኑ አይቶታል። መቁረቡን የሚያውቅ ሰው ሬሳውን ሌላ ነገር ያለብሰዋል እንጂ ያን ዕለት ሰደርያ አያለብሰውም፤ መምሬ አንዲት ቃል ሲናገሩ እንደሚፈርስበት ያውቃል። በዚያ ላይ ከፋለ ሞጣ ነበር፣ የኔሰው ቁጢጥ ማለት አይችልም፤ የልጁን ሬሳ ከነአሸዋው አንሥቶ ደረጃ ድረስ አይጎትትም።» ወደ ክብደቶቹ ጠቆመች። «የተመታበት ያ የታጠበው ነው። ነጠላውን ደግሞ ከአሸዋው ሳጥን ሥር አገኘሁት። በሩን የሚከፍቱት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሞጣ ሲያንኮራፋ ነበር።»

«ምክንያትስ? ልጁ እኮ የሞዴሌ ምልክት ነበር!»

ማርያማዊት አንቱታውን ትታ ወደ ከፋለ ዞረች። «ዘመነ ሲያስፈቅድህ ሌላ ምን አለህ? እኔ ስጠይቅህ የሸሸግኸኝን።»

ከፋለ ፊቱን ከእጁ ሳያወጣ ተናገረ። «ሰኞ እንግዶቹ ፊት እውነቱን እናገራለሁ አለኝ። ‹በሰደርያው አሸንፌ አላውቅም፣ የባልንጀሮቼን ጉልበት እየሰበረ ነው፣ ሬዲዮ ላይ ዋሽቻለሁ፤ ከእንግዲህ አልዋሽም› አለኝ። እኔ... ቅዳሜ ማታ ለአቶ አምላኩ ደወልሁላቸው። እንዲያግባቡት ብዬ።»

«ቁርባኑንስ ለምን አልነገርሃቸውም?»

«ይስቁብኛል ብዬ።»

«መሳቃቸውን ፈራህ፤ ለልጁ ግን አልፈራህም» አለች። «ለምን ሊቆርብ እንደፈለገ መምሬ አይነግሩንም፤ መንገርም የለባቸውም። እኔ የማውቀው ዋሽቻለሁ ያለ ልጅ ንስሐ ገብቶ እንደቆረበ፣ ከዚያ በኋላ በምንም ማግባባት እንደማይዋሽ ነው። አቶ አምላኩ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እዚህ ጠሩት። ለመኑት፣ ቆጡት፤ እንቢ አለ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ።» ወደ አምላኩ ቀረበች፤ የእሱንም አንቱታ በዚያው ጣለችው። «የዞኑን ፈጣን እጅ ከኋላ እንዴት መታኸው? ሰይፎቹ አጠገቡ ነበሩ።»

አምላኩ ከፖሊሶቹ ወደ እናትየው፣ ከእናትየው ወደ ፎቶው አየ። የሚናገረው የፈረንጅ ቃል አልቀረለትም።

«ገፈተርሁት» አለ። «በጥፊ መታሁት። እጁን እንኳ አላነሣም። ነጠላውን አፉ ላይ አጥብቆ ያዘ፣ ጀርባውን ሰጠኝና ወደ በሩ ሄደ። እኔን! እኔ ያነሣሁት ልጅ እንደ ውሻ ንቆኝ...»

«አልናቀህም» አለች ማርያማዊት። «ነጠላውን አፉ ላይ የያዘው በጥፊህ ከአፉ ደም እንዳይፈስ ነው። እጁን ያላነሣውም ቆርቦ ስለነበረ ነው። ያን ቀን አንተን የሚንቅበት ጊዜ አልነበረውም። እኔ ግን አለኝ።» ለፖሊሶቹ በዓይኗ ምልክት ሰጠች።

አምላኩን ሲያስወጡት አሁንም ስለ እንግዶቹ ያወራ ነበር፤ ለሰኞ ደውሉና ሰርዙ ይል ነበር። መምሬ ሣህለ ማርያም ወደ ወይዘሮ አየሁሽ ጎንበስ ብለው፣ «ቁርባኑን ጠብቆ ነው የሞተው፣ ልጄ። ፍትሐቱንም ተዝካሩንም በቀና አንገት» አሏቸው። ወይዘሮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ፤ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ለረጅም ጊዜ። ማርያማዊት ፊቷን አዞረችላቸው።

ከፋለ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እሜቴ፣ ቡድኑ በስሙ ዋንጫ ሊያዘጋጅ...»

ወይዘሮ አየሁሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ አበሱና ተነሡ። መጀመሪያ ከፋለን፣ ቀጥሎ የኔሰውን አዩ።

«አንተ ፈቅደህለት ነበር። አንተ ደግሞ ሲቆርብ አይተኸዋል። ላብ ሲያፈስ ወደቀ ሲባል ሁለታችሁም ሰማችሁ።»

የኔሰው ጉልበቱ ላይ ያለውን ጨርቅ ማጥበቅ ጀመረ።

«ተዝካሩ ላይ ኑ» አሉ ወይዘሮ አየሁሽ። «ብሉ፣ ጠጡ። ስለ ልጄ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ግን እንደ ልማዳችሁ ዝም በሉ፤ እኔ እናገራለሁ።»

ከዚያ የማርያማዊትን ክንድ ይዘው ወጡ። ሁለቱ ወንዶች በተለያየ አግዳሚ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ።